ማስኩን የት ትሰካላችሁ? በሐዋሳ ቀረጻ ላይ ጀልባ፣ ስክሪን እና ተራራ ማንቀሳቀስ

ሐዋሳ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ፣ የሆቴል ማስታወቂያ ወይም የሙዚቃ ክሊፕ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ጥያቄ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ደንበኛው ቀረጻውን ያይና «ሁሉም ቆንጆ ነው፤ ይህቺ ጀልባ ብቻ ትንሽ ወደ ቀኝ ብትሄድልኝ» ይላል። ጽሑፍ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ፈልጎ ነው። ተመልሶ መቅረጽ ደግሞ አይሆንም። የማለዳው ብርሃን አልፏል፣ ጀልባዋም ሄዳለች።

ይህ በኮምፖዚቲንግ፣ ማለትም ምስሎችን ቆርጦና ደርቦ አንድ ምስል በማድረግ፣ የሚፈታ ነገር ነው። ብዙ ጀማሪ ግን ጀልባዋ ዙሪያ ማስክ (የምስሉን አንድ ክፍል የሚመርጥ ቅርጽ) ይስላል፣ ማስኩን ምስል በሚያንቀሳቅሰው ትራንስፎርም ላይ ይሰካል፣ ከዚያ መግፋት ይጀምራል። ጀልባዋ አትሄድም። ማስኩ ባለበት ቆሞ ጀልባዋ ከውስጡ ትወጣና ትቆረጣለች። ጠርዙ ላይ ደግሞ ድርብ ምስል ይታያል። ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። ችግሩ ማስኩ የተሰካበት ቦታ ነው። እንደኔ ከሆነ፣ ማስክን ቆንጆ አድርጎ ከመሳል ይልቅ የት እንደሚሰካ ማወቅ ይበልጣል።

እዚህ የምጠቀመው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቪዲዮ ሶፍትዌር ውስጥ ያለውን ፊውዥን ነው። ነጻው ስሪት ከዚህ በታች ላለው ሥራ ይበቃል። ኑክ፣ ናትሮን ወይም ብሌንደር የምትጠቀሙም ብትሆኑ ሐሳቡ ያው ነው፤ የኖዶቹ (እየተያያዙ ምስሉን የሚሠሩት ሳጥኖች) ስም ብቻ ይለያያል።

መጀመሪያ ቀመሩን እንረዳ

ማስክ ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። ነጩ 1፣ ጥቁሩ 0፣ በመሐል ያለው ግራጫ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለ ቁጥር ነው። አንድ ኖድ ላይ ማስክ ስትሰኩ ሶፍትዌሩ የሚሠራው ሒሳብ ይህ ነው፦

ውጤት = የተለወጠው ምስል × ማስክ + የመጀመሪያው ምስል × (1 − ማስክ)

ለከለር ይህ ግሩም ነው። ማስኩ 0.5 የሆነበት ቦታ ላይ ግማሽ ማቅለም ታገኛላችሁ፤ ዓይን በቀላሉ ይቀበለዋል። ለብዥታም ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለእንቅስቃሴ ግን አይሆንም። ግማሹን የቆመች፣ ግማሹን የተንቀሳቀሰች ጀልባ የምትባል ነገር የለችም። ሒሳቡ ሁለቱን ምስሎች እኩል አደባልቆ አንዱን በሌላው ውስጥ ያሳያችኋል። ያ ጠርዙ ላይ የምታዩት ድርብ ምስል ይኸው ነው። ሶፍት ኤጁን (የማስኩን ጠርዝ ልስላሴ) በጨመራችሁ ቁጥር ድርቡ ይሰፋል እንጂ አይጠፋም።

ስለዚህ ማስክ ከመሳላችሁ በፊት ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። ምስሉ ሲንቀሳቀስ ማስኩ ምን ይሁን? ባለበት ይቁም? አብሮ ይሂድ? ወይስ የእንቅስቃሴውን መጠን ይወስን? ለሦስቱ ሦስት የተለያየ አሰካክ አለ።

ማስኩ የሚቆምበት

ይህ ቀላሉ ነው፣ ቶሎ እንለፈው። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ አንድ ካፌ ቀርጻችኋል እንበል። ጠረጴዛው ላይ ስልክ አለ፣ ስክሪኑ ውስጥ ፎቶዎች ወደ ላይ እንዲንሸራተቱ ትፈልጋላችሁ። እዚህ ማስኩ እንደ መስኮት ነው፤ መስኮቱ ይቆማል፣ ከኋላው ያለው ይሄዳል።

ቀረጻውን ሁለት ምስል በሚደርበው ሜርጅ ኖድ ብርቱካናማ መግቢያ ላይ ስኩ። ፎቶዎቹን በትራንስፎርም አሳልፋችሁ አረንጓዴው ላይ ስኩ። ስክሪኑን የሚከብ ፖሊጎን (በነጥብ የሚሳል ማስክ) ሳሉና ሜርጁ ሰማያዊ መግቢያ ላይ ስኩት። አሁን ትራንስፎርሙን እንደፈለጋችሁ ብታንቀሳቅሱ ፎቶው ከስክሪኑ አይወጣም። ካሜራው የሚንቀሳቀስ ከሆነ አንድ የስክሪኑን ጥግ ትራክ አድርጉ፤ ማለትም ትራከር የሚባለው ኖድ ጥጉን በየፍሬሙ እንዲከተለው አድርጉ። ከዚያ ፖሊጎኑ ሴንተር (አቀማመጡ) ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ኮኔክት ቱ» በሚለው በኩል ከትራከሩ ጋር አያይዙት። ፎቶዎቹንም ከዚያው ትራከር ጋር ማያያዝ እንዳትረሱ። አለበለዚያ መስኮቱ ብቻውን እየሄደ ፎቶው ይቀራል።

ማስኩ አብሮ የሚሄድበት

አሁን ወደ ጀልባዋ። ቀረጻው አሞራ ገደል ነው እንበል፤ ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ ሐይቁ ማለዳ ጸጥ ያለ። ጀልባዋ 200 ፒክስል ወደ ቀኝ መሄድ አለባት። ሥራው ሦስት ክፍል አለው፦ መቁረጥ፣ ማንቀሳቀስ፣ የተለቀቀውን ቦታ መሙላት። ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው በመጀመሪያው ላይ ነው። ምስሉን የሚያሳምነው ግን ሦስተኛው ነው።

ለመቁረጥ ቀረጻውን ማት ኮንትሮል የሚባለው ኖድ ላይ ስኩ። ጀልባዋን የሚከብ ፖሊጎን ሳሉና ጋርቤጅ ማት የሚለው መግቢያ ላይ አስገቡት። ይህ መግቢያ በልማዱ ውስጡን ያጠፋል፣ ውጩን ያስቀራል። ስለዚህ የጋርቤጅ ማቱን ኢንቨርት (መገልበጫ) ምረጡ። «ፖስት መልቲፕላይ» የሚለውንም ምረጡ፤ ካልመረጣችሁት ጀልባዋ ዙሪያ የድሮው ውኃ እንደ ጭጋግ ተለጥፎ ይቀራል። ቪወሩ (የምስል ማሳያው መስኮት) ላይ የኤ ፊደል ቁልፍ ብትጫኑ አልፋው፣ ማለትም የትኛው ክፍል እንደሚታይ የሚናገረው ጥቁርና ነጭ ቻናል፣ ብቻውን ይታያል። ጀልባዋ ውስጥ ንጹሕ ነጭ፣ ውጭ ንጹሕ ጥቁር መሆኑን እዚያ አረጋግጡ። በከለር እይታ የማይታይ ግራጫ ቦታ አልፋ ላይ ወዲያው ይጋለጣል።

ፖሊጎኑን ስትስሉ ነጥብ አታብዙ። ቀጥ ባለ ጠርዝ ላይ ሁለት ነጥብ ይበቃል፤ ነጥብ የሚያስፈልገው ቅርጹ የሚታጠፍበት ላይ ነው። ፊውዥን የፖሊጎንን ቅርጽ ራሱ ኪፍሬም ያደርጋል፤ ማለትም በዚያ ፍሬም ላይ ያለውን ቅርጽ ይመዘግባል። ሌላ ፍሬም ላይ ሄዳችሁ ነጥብ ብትነኩ አዲስ ኪፍሬም ይፈጠራል። ይህ ይጠቅማል፣ ሳታስቡት ከነካችሁ ግን ማስኩ ይዋዥቃል። በእያንዳንዱ ፍሬም መሳልም አያስፈልግም። ጀልባዋ በማዕበሉ ከፍ ስትል ጫፍ የምትደርስበትን ፍሬም ያዙ፣ ዝቅ ብላ የምትቆምበትን ያዙ። መሐሉን ሶፍትዌሩ ይሙላው። ከዚያ መሐሉን አይታችሁ የሳተበት ላይ ብቻ አርሙ።

ጀልባዋ ላይ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ ቆሞ ከሆነ በአንድ ቅርጽ አትክበቡት። አንገቱ በአንድ ፖሊጎን፣ ምንቃሩ በሌላ፣ አካሉ በሌላ፣ ቀጫጭን እግሮቹ ለብቻ። እያንዳንዱ ክፍል በራሱ መንገድ ስለሚንቀሳቀስ፣ ሲነጣጠል ኪፍሬሙ ይቀንሳል። አሞራ ገደል የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁት እነዚህ ወፎች ለረጅም ጊዜ ስለማይነቃነቁ ማስክ ለመለማመድ ከእነሱ የተሻለ ሞዴል አላውቅም።

ጠርዙን በተመለከተ፦ ማስኩን ከጀልባዋ ጠርዝ አንድ ፒክስል ያህል ወደ ውስጥ አስገቡት። ቦርደር ዊድዝ የሚለውን ከዜሮ በታች ማውረድ ይህን ያደርጋል። ከዚያ ሶፍት ኤጁን ቀረጻው ራሱ ባለው ልስላሴ ልክ አድርጉት። የሌላ ነገር ጠርዝ፣ ለምሳሌ እዚያው ርቀት ላይ ያለች ሌላ ጀልባ፣ በ200 ፐርሰንት አጉልታችሁ እዩ። የእሷ ጠርዝ ሁለት ፒክስል ላይ የሚለሰልስ ከሆነ የእናንተም ሁለት ይሁን። ሶፍት ኤጁ ላይ ያለው ቁጥር ፒክስል አይደለም፤ በአልፋ እይታ በዓይን ለኩት።

አሁን ማንቀሳቀሱ። ከማት ኮንትሮሉ በኋላ ትራንስፎርም አስገቡ። ማስኩ ከትራንስፎርሙ በፊት ስለተሰካ ምስሉም አልፋውም አብረው ይሄዳሉ። ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ጋ ነው። የፊውዥን ሴንተር ከ0 እስከ 1 ነው የሚቆጠረው። 1920 ፒክስል ስፋት ባለው ቀረጻ 200 ፒክስል ማለት 0.104 ነው፤ ስለዚህ ኤክሱን ከ0.5 ወደ 0.604 አድርጉት። መጠንም ማዕዘንም መለወጥ ካለባችሁ እዚያው ትራንስፎርም ላይ አድርጉት፣ ወይም ትራንስፎርሞቹን ተከታታይ አድርጋችሁ ደርድሩ። ተከታታይ ሲሆኑ ሒሳባቸው ተጠቃልሎ ምስሉ አንዴ ብቻ ይሰላል። በመሐል ብዥታ ወይም የከለር ኖድ ካስገባችሁ ግን ሁለት ጊዜ ይሰላል፣ ምስሉም ይደበዝዛል።

ወደ ጎን ብቻ ከሆነ የጀልባዋ መጠን አይለወጥም። ወደ ላይ ከገፋችኋት ግን በእውነቱ እያራቃችኋት ነው፣ ማነስ አለባት። ውኃ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። መጠኗ ከአድማሱ ካላት ርቀት ጋር እኩል ይቀንሳል። ጀልባዋ ውኃውን የምትነካበት ቦታ ከአድማሱ 200 ፒክስል በታች ከነበረ፣ አሁን 150 ላይ ካደረሳችሁት፣ መጠኗ 75 ፐርሰንት ይሁን። በዓይን ግምት ከመሥራት ይህን መጠቀም በጣም ይሻላል። ነጸብራቋም አብሯት ይሄዳል፤ ግን ሌላ ፖሊጎን ስሉለት፣ ጠርዙም ከጀልባዋ የበለጠ ለስላሳ ይሁን። ጀልባ ተንቀሳቅሶ ነጸብራቁ ከቀረ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም «የሆነ ነገር ልክ አይደለም» ይላል።

የተለቀቀውን ቦታ መሙላት ደግሞ እንዲህ ነው። የድሮዋ ጀልባ አሁንም ከታች አለች። ቆሞ የቀረ ፍሬም ብትለጥፉባት ውኃው በዚያ ቦታ ብቻ ይደርቃል። ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ውኃ ያስፈልጋችኋል፤ እሱም እዚያው ቀረጻ ውስጥ አለ። ቀረጻውን በሌላ ትራንስፎርም አሳልፉና ከጎን ያለውን ባዶ ውኃ የድሮዋ ጀልባ ላይ እስኪያርፍ ግፉት። በሜርጅ ደርቡት፣ በድሮዋ ጀልባና በነጸብራቋ ቅርጽ ማስክም ሜርጁ ላይ ስኩ። እዚህ ማስኩ ይቆማል፣ ውኃው ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ዘዴ ነው። ሶፍት ኤጁን እዚህ በደንብ ልቀቁት። የውኃ ሞገድ ቅርጹ የተዘበራረቀ ስለሆነ መደባለቁን ዓይን አይለየውም።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ውኃውን ከተመሳሳይ ከፍታ ብቻ ውሰዱ። ከታች የወሰዳችሁት ሞገድ ትልቅ ነው፣ ከላይ የወሰዳችሁት ትንሽ ነው፤ ቦታ ሲቀያየሩ ያስታውቃሉ። ሌላው፣ የተወሰደው ውኃና ዋናው ጎን ለጎን ስለሚታዩ ድግግሞሹ ሊታወቅ ይችላል። የተለጠፈውን ውኃ በጊዜ ትንሽ አዘግዩት። በሁለት ሰከንድ የሚለይ ውኃ ቅርጹ ሌላ ነው፣ ብርሃኑ ግን ያው ነው።

ቅደም ተከተሉ ከታች ወደ ላይ፦ ዋናው ቀረጻ፣ በላዩ የተለጠፈው ውኃ፣ በላዩ ነጸብራቁ፣ በላዩ ጀልባዋ።

ማስኩ መጠኑን የሚወስንበት

ይህኛውን በጣም እወደዋለሁ። ብዙ ሰው ስለማያውቀውም ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ታቦር ተራራ ከጀርባ ይታያል፣ ደንበኛው ትንሽ ጎላ እንዲል ይፈልጋል። ቆርጦ ማንቀሳቀስ አይመችም፤ ተራራው ከከተማው፣ ከዛፉና ከሰማዩ ጋር የተያያዘ ነው። የምትፈልጉት ጫፉ ከፍ ብሎ ግርጌው ሳይነቃነቅ በመሐል ያለው እንዲለጠጥ ነው። ለስላሳ ማስክ ትራንስፎርም ላይ ብትሰኩ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል፦ ሁለት ተራራ።

መፍትሔው ማስኩን ከምስሉ አንስቶ አድራሻው ላይ መሰካት ነው። ምን ማለት ነው? እያንዳንዱ ፒክስል የትኛውን የምስሉን ነጥብ ማሳየት እንዳለበት የሚናገር ካርታ ትሠራላችሁ። ይህ ዩቪ ካርታ ይባላል። ቀዩ ቻናል ከግራ ወደ ቀኝ ከ0 ወደ 1 ይሄዳል፣ አረንጓዴው ከታች ወደ ላይ ከ0 ወደ 1። ሁለት ምስል ስታደባልቁ ድርብ ታያላችሁ። ሁለት አድራሻ ስታደባልቁ ግን በመሐል ያለ ሌላ አድራሻ ታገኛላችሁ። 0.60 እና 0.64 በእኩል ሲደባለቁ 0.62 ነው፤ እሱም አንድ ትክክለኛ ቦታ ነው። ስለዚህ ምስሉ ሳይደረብ ይለጠጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባክግራውንድ ኖድ አውጡና ዓይነቱን «ፎር ኮርነር» አድርጉ። ከታች በግራ ጥቁር፣ ከታች በቀኝ ንጹሕ ቀይ፣ ከላይ በግራ ንጹሕ አረንጓዴ፣ ከላይ በቀኝ ቢጫ። ስፋትና ቁመቱ ከቀረጻው ጋር እኩል ይሁን። ዴፕዙን (ቁጥሮቹ የሚመዘገቡበትን ጥራት) 32 ቢት ፍሎት አድርጉት፤ ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። 8 ቢት ያለው 256 ደረጃ ብቻ ነው። 1920 ፒክስል ለ256 ሲካፈል በየሰባት ፒክስሉ አንድ አድራሻ ይደርሳል፣ ምስሉም ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይሰባበራል። 16 ቢት ፍሎትም አይበቃም፤ ከ0.5 በላይ ባለው ግማሽ ላይ ትንሹ እርምጃው 1/2048 ስለሆነ ወደ አንድ ፒክስል ይጠጋል። እኛ የምንፈልገው ከፒክስል በታች ያለ ልስላሴ ነው። ካርታውን የከለር ማስተካከያ ውስጥም አታሳልፉት፤ ከለር የሚመስል ቁጥር ነው እንጂ ከለር አይደለም።

ከካርታው ቀጥሎ ቻናል ወደ ቻናል የሚቀዳውን ቻናል ቡሊያንስ አስገቡ። ተጨማሪ ቻናሎች የሚለውን ክፍል ከፍታችሁ ቀዩን ወደ ዩ፣ አረንጓዴውን ወደ ቪ ቅዱ። ከዚያ ቀረጻውን በካርታው አድራሻ የሚያሳየውን፣ ቴክስቸር የሚባለውን ኖድ አውጡ፤ ካርታው ብርቱካናማው መግቢያ ላይ፣ ቀረጻው አረንጓዴው ላይ። ምንም ሳታንቀሳቅሱ ውጤቱ ከቀረጻው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሁለቱን ሜርጅ አድርጋችሁ ሞዱን ልዩነታቸውን በሚያሳየው «ዲፈረንስ» ላይ ብታደርጉት ጥቁር መምጣት አለበት። ጠርዞች ላይ በጣም ስስ መስመር ብትታይ የካርታው ግማሽ ፒክስል መዛነፍ ነው፤ መጨረሻ ላይ እናስተካክለዋለን። ምስሉ ከተገለበጠ ግን ጥጎቹን አምታታችኋል ማለት ነው።

አሁን በባክግራውንዱና በቻናል ቡሊያንሱ መሐል ትራንስፎርም አስገቡ። ለስላሳ ማስክ ሳሉና ትራንስፎርሙ ሰማያዊ መግቢያ ላይ ስኩ። አዎ፣ መጀመሪያ ስህተት ያልነው አሰካክ ነው። ካርታ ላይ ሲሆን ትክክል ይሆናል። አቅጣጫውም አይገለበጥም፤ ካርታውን ወደ ላይ ስትገፉ ተራራውም ወደ ላይ ይሄዳል።

ማስኩ ምን ያህል ይለስልስ? እዚህ ላይ ልክ አለው። ምስሉን በ40 ፒክስል የምትገፉ ከሆነ፣ ከነጭ ወደ ጥቁር የሚሄደው መሸጋገሪያ ቢያንስ ከ40 ፒክስል በላይ መስፋት አለበት። ካነሰ አድራሻዎቹ ይሻገራሉ፣ ምስሉም ከተገፋበት በስተኋላ ታጥፎ እንደ መስታወት ይደገማል። ሶፍት ኤጅ ደግሞ መሐሉ ላይ ቁልቁል ስለሚሆን እኔ ሁልጊዜ እጥፍ እወስዳለሁ፤ ለ40 ፒክስል 80 እና ከዚያ በላይ።

ለተራራ ግን የተሻለ ዘዴ አለ። ከመግፋት ይልቅ ቁመቱን ብቻ አሳድጉ። ትራንስፎርሙ ላይ «ዩዝ ሳይዝ ኤንድ አስፔክት» የሚለውን አጥፉ፤ የስፋትና የቁመት መጠን ለየብቻ ይመጣሉ። ፒቮቱን (መጠን ሲለወጥ የማይነቃነቀውን ነጥብ) ተራራው ግርጌ ላይ አድርጉና ቁመቱን 1.1 አድርጉ። ተራራው በምስሉ ላይ 400 ፒክስል ቢረዝም ጫፉ 40 ይነሳል፣ ግርጌው ዜሮ ይነሳል። ከታች በኩል ማስኩ መለስለስ ብዙም አያስፈልገውም፣ ምክንያቱም እዚያ ምንም የሚንቀሳቀስ የለም። ወደ ላይ፣ ሰማዩ ውስጥ፣ በሰፊው አለስልሱት፤ ሰማይ ቢጨመቅ ማንም አያይም። ደመና ካለ ግን ትንሽ እዩት። በግራና በቀኝም አለስልሱ።

ከ10 ፐርሰንት ብዙ አትለፉ። ታቦርን የሐዋሳ ሰው በየቀኑ ያየዋል፤ ቅርጹ ሲበዛበት ወዲያው ይነቃል። ከተራራው ፊት የመብራት ምሰሶ ወይም የሆቴል ሕንፃ ካለም ችግር ነው፣ አብሮ ይለጠጣል። እንደዚያ ከሆነ ሕንፃውን በሁለተኛው ዘዴ ቆርጣችሁ ሳታንቀሳቅሱ ከላይ መልሳችሁ ደርቡት። የለጠጣችሁት ከሥሩ ይሆናል።

መጨረሻ ላይ የተለጠጠውን በዋናው ቀረጻ ላይ በሜርጅ መልሱት። የሜርጁ ማስክ የዚያው ፖሊጎን ቅጂ ሆኖ መሸጋገሪያውን በሙሉ እስኪሸፍን የሰፋ ይሁን። ጠርዙ የሚያርፈው እንቅስቃሴ ዜሮ በሆነበት ቦታ ስለሆነ ድርብ አይወጣም። ከዚያ ውጭ ያለው የምስሉ ክፍል በሙሉ የካሜራው የራሱ ፒክስል ሆኖ ይቀራል። ያቺ የግማሽ ፒክስል መዛነፍም እዚህ ትወገዳለች።

ስለ ላፕቶፕ አንድ ነገር ልበል። 1920 በ1080 የሆነ አራት ቻናል ያለው ፍሬም በ8 ቢት 8 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በ32 ቢት ፍሎት 33 ይደርሳል። 8 ጊጋባይት ራም ላይ ይህ ይከብዳል። ስለዚህ 32 ቢት ካርታው ብቻ ይሁን፣ ቀረጻውን ባለበት ተዉት። ማስኩን ስትስሉ ፕሮክሲ (ምስሉን በዝቅተኛ ጥራት ማሳያ) አብሩ፣ ጠርዝ ስትፈትሹ አጥፉት። መብራት ሊሄድ ይችላል፤ ራሱ የሚያስቀምጠውን ላይቭ ሴቭ አብርታችሁ ሥሩ።

ከማስረከባችሁ በፊት በቆመ ፍሬም ብቻ አትፍረዱ። በሙሉ ፍጥነት ደጋግማችሁ አጫውቱት። የማስክ መዋዠቅ የሚታየው ሲንቀሳቀስ ነው። ከዚያ ምስሉን በጠቅላላው ከግራ ወደ ቀኝ ገልብጡትና እንደገና እዩት። ዓይናችሁ ከለመደው ሲወጣ ያልታየው ጠርዝ ይታያል፣ ውኃው ላይ ያለው ድግግሞሽም ይወጣል። በስልክም ክፈቱት፣ ደንበኛው የሚያየው እዚያ ነው። ደንበኛው «ትንሽ ደግሞ ወደ ግራ» ቢል ሁሉም ነገር በኖድ ስለተሠራ የምትነኩት የትራንስፎርሙን ሴንተር ብቻ ነው፤ ጀልባዋና ነጸብራቋ ከአንድ ትራንስፎርም ጋር እስከተያያዙ ድረስ።